የማናሴ ትራስ

"ስልክሽን እዚህ ቅርጫት ውስጥ አድርጊው፤ ስትወጪ ትወስጂዋለሽ" አለች ሮዝመሪ።

አስካለች ስልኳን አጥፍታ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠች። ሁለተኛው ስልክ ግን፣ የወንድሟ የማናሴ ስልክ፣ ቦርሳዋ ውስጥ በሻርፕ ተጠቅልሎ ቀረ። እሱን ለማንም አትሰጥም። ባለቤቱ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል፤ ስልኩ ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሮዝመሪ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ በነሐሴ ብርድ በባዶ እግሯ የምትሄድ ነጭ አሮጊት ናት። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለውን ይህን የቡድሂስቶች የጽሞና ማዕከል ለብዙ ዓመት ያስተዳደረችው እሷ ናት። የአስካለችን ፊት ትኩር ብላ አየችና ፈገግ አለች።

"አንቺ እኮ ከዚህ በፊት መጥተሻል። የማናሴ እህት አይደለሽም? አዳራሹ ውስጥ አልገባም ብለሽ አትክልቱ ስር ስትንጎራደጂ የዋልሽው!"

"ነኝ።"

"እሱስ ምነው ጠፋብን? ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አለች አስካለች።

ቃሉ ከአፏ ያመለጠው ሳታስበው ነው። አራት ወር ሙሉ ከአገር ቤት፣ ከሆሳዕና ከተማ ለሚደውል ሁሉ፣ ለእናቷም፣ ለእናቷ ጎረቤትም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰውም "ደህና ነው" ስትል ከርማ አፏ ለምዶታል። ለዚች አሮጊት መደበቅ ምንም እንደማይጠቅማት የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

"ሥራ ይዞት ነው" ብላ ደግሞ ጨመረችበት።

"ከሰዓት ይደርስ ይሆን?"

"ምናልባት።"

የሮዝመሪ ፊት በራ። "እንግዲያው ቦታውን ላዘጋጅለት" ብላ እየተጣደፈች ወደ አዳራሹ ገባች። አስካለች ልትከለክላት ተከትላት ገባች፤ በሩን ስታልፍ ግን ደወሉ ተደወለ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በዚያ ግቢ መነጋገር ክልክል ነው።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ እንጨት፣ መስኮቱ ትልልቅ። ሰዎቹ በየትራሳቸው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ዓይኑን የጨፈነ የድንጋይ ቡድሃ አለ። አስካለች ባለፈው ጊዜ ከበር የመለሳት እሱ ነበር። "ጣዖት ፊት ቁጭ አልልም" ብላ ስትቆጣ ማናሴ ሳቀባት። "አስኩ፣ ማንም ስገድ አላለኝም። ቁጭ በል ነው ያሉኝ" አላት። ዛሬ ሐውልቱን ላለማየት አንገቷን ደፍታ፣ በልቧ "ኢየሱስ ሆይ፣ አመጣጤን አንተ ታውቃለህ" ብላ ገባች።

ሮዝመሪ በምልክት ቦታዋን አሳየቻት። ከአጠገቡ ባዶ ሰማያዊ ትራስ ተቀምጧል። ትራሱ ላይ የታጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ጥንድ የሱፍ ካልሲ። ካልሲውን አስካለች ወዲያው አወቀችው። ተረከዙ ላይ በቀይ ክር የጠቀመችው ራሷ ናት። ማናሴ ጠፋብኝ ብሎ ባለፈው ክረምት ሱቁን ሲያተራምስ የከረመው ለካ እዚህ ረስቶት ነው።

ካልሲውን ሳትነካ ተቀመጠች።

ማናሴ ይህን ቦታ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። ሱቃቸው ከተዘረፈ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎት፣ ቀን ቀን ደንበኛ ፊት ቆሞ ያንቀላፋ ነበር። አንድ ቀን ከጅምላ ገበያ ሲመለስ ባኪ የሚሏት ፒካፕ መኪናው በዚህ በር ፊት ቆመችበት። ለራዲያተሩ ውሃ ሊለምን ገብቶ ሰዎቹ ተደርድረው ዝም ሲሉ አየ፤ ገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። "ተቀምጬ ተኛሁ" ይል ነበር እየሳቀ። ከዚያ ወዲያ ወር በጨረሰ ቁጥር ይመጣል። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ጽሞና ላይ ነበርኩ" ይላቸዋል፤ የት ብሎ የጠየቀው የለም።

አስካለች ዓይኗን ጨፈነች። ፊት ለፊት የተቀመጠው መምህር በለሆሳስ ትንፋሻችሁን አዳምጡ አለና ዝም አለ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። እዚህ ግን ዝም ለማለት ሰው ነዳጅ አቃጥሎ ይመጣል። እሷም ሁለት ታክሲ ቀይራ መጥታለች። የመጣችው ግን ዝም ለማለት አይደለም። ዝምታውማ ተርፏታል። ማናሴ ሲጨንቀው የሚመጣበት ቦታ ብሄድ ምን እንደማደርግ ይገባኝ ይሆናል ብላ ነው የመጣችው።

የጨነቃት ነገር ይህ ነው። ዛንድስፕሩት በሚባለው የድሆች ሰፈር ያለችው ሱቃቸው በብረት ፍርግርግ የታጠረች ናት፤ ደንበኛ ከውጭ ይጠይቃል፣ ባለሱቅ ከውስጥ ያቀብላል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት "ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ" ያለ ሰው፣ ማናሴ ዳቦውን ሲያቀብለው በፍርግርጉ መሐል ተኮሰበት። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናታቸው ኤርጎጌ ያን ጊዜ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቴምቢሳ ሰፈር የሚኖረው አጎታቸው ሀቢሶ ዘመዱን ሰብስቦ ቆረጠ።

"አስከሬኑን ከላክን እሷንም አብረን ነው የምንቀብራት። እዚሁ ይቀበር። ሲሻላት አንቺ ሄደሽ፣ አጠገቧ ሆነሽ ትነግሪያታለሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም።"

ማንም አልተቃወመውም፤ ልክ ነው፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። እናት ተሻላት፤ አስካለች ግን አልሄደችም። የጥገኝነት ወረቀቷን ይዛ ከአገር ከወጣች መመለሻ የላትም። እናት ደግሞ የልጇን ድምፅ ጠየቀች። መላውን ያመጣው ሀቢሶ ነው። ማናሴ በሕይወት እያለ ለእናቱ የላካቸው የድምፅ መልእክቶች ስልኩ ውስጥ ነበሩና፣ አስካለች እሁድ እሁድ ከነሱ አንዱን መርጣ እንደ አዲስ መላክ ጀመረች። "እማ፣ ደህና ነኝ፤ ብርድ ነው፤ ሥራ አለ፤ ጸልዪልኝ።" ስደተኛ ለእናቱ የሚለው ነገር ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለያይም። ኤርጎጌ አልጠረጠረችም።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ግን ኤርጎጌ በድምፅ መልእክት "ፅናት የምትባል ልጅ አይቼልሃለሁ፤ ሽማግሌ ልላክልህ?" ብላ ጠየቀች። አስካለች መስኮቱ ላይ ደንበኛ ተሰልፎባት፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳትሰማ፣ ጣቷ ያረፈበትን መልእክት ላከች። "እሺ እማ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን።" ማናሴ ይህን ያለው አምና ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ነበር። ኤርጎጌ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ፅናት ቤት የሚሄዱት ነገ፣ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አስካለች ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ከጀርባዋ፣ ከሩዙ ጆንያ በኩል፣ "አስኩ፣ ዝርዝር አለሽ?" ይላታል ማናሴ። በሕይወት እያለ በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠይቃት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዞር ሳትል "የለኝም" ብላ መለሰችለት። መስኮቱ ላይ የነበረችው ደንበኛ ወደ ውስጥ አጮልቃ አየችና ዳቦዋን ሳትወስድ ሄደች።

አሁንም በዚህ ጸጥታ ውስጥ በግራዋ በኩል ትንፋሽ ይሰማታል። ማናሴ አፍንጫው የተደፈነ ያህል ትንሽ እያፏጨ ነበር የሚተነፍሰው። ዓይኗን ልትገልጥ ፈራች። ብትገልጥ ትራሱ ባዶ ሆኖ እንደምታየው ታውቃለች፤ የፈራችው እሱኑ ነው።

ድንገት ወለሉ ነዘረ። በሷና በሰማያዊው ትራስ መሐል ባስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ የማናሴ ስልክ እንጨቱን እያንገጫገጨ ተንቀጠቀጠ፤ ዝም አለ፤ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ያለ ረጅም ሰውዬ ዓይኑን ገልጦ ባዶውን ትራስ አየ። ሮዝመሪም ገለጠች። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ማናሴ እየመጣ መሰላትና ወደ በሩ አይታ ፈገግ አለች።

ደወሉ ተደውሎ ሰው ሁሉ ወጣና በደረቀው ሣር ላይ እጅግ በዝግታ፣ እግሩን እያዳመጠ መራመድ ጀመረ። ሃዲዳ የሚሏቸው ወፎች ብቻ ያለ ኃፍረት ይጮሃሉ። አስካለች ቀስ እያለች ከሰልፉ ወጥታ ከማድቤቱ ጀርባ ሄደች፤ አጥሩን ተደግፋም የገባውን የድምፅ መልእክት ከፍታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ልጄ" አለች ኤርጎጌ በሀዲይኛ፣ በደስታ እየተቻኮለች፣ "ነገ ነው እንግዲህ! አጵሎስ ራሱ ነው ሽማግሌዎቹን ይዞ የሚሄደው። ልጅቱ አጠገቤ ናት። መድኃኒቴን የምታቀብለኝም እሷ ናት። አንቺ፣ እስቲ ሰላም በይው! ምን ያሽኮረምምሻል?"

ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንዲት ወጣት ድምፅ መጣች።

"ሰላም ነህ ማናሴ? ፅናት ነኝ። ሰላም ነው? አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ነው፤ ነውር ከሆነ ይቅርታ። የነርስ ትምህርቴ አንድ ዓመት ይቀረኛል። አባቴ አሁኑኑ አቋርጪና ለጆሃንስበርጉ ጉዞ ተዘጋጂ ይለኛል። እኔ ብጨርሰው ደስ ይለኛል። ግን አንተ ያልከው ይሁን። በራስህ አፍ ንገረኝ።"

አስካለች እንደገና አዳመጠችው። ከዚያ እጇ በልማድ ወደ ድሮዎቹ መልእክቶች ሄደ። አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች። "እሺ እማ።" "እሺ፣ እልካለሁ።" "እሺ፣ ችግር የለም።" ማናሴ እናቱን እምቢ ያለበት አንድም ድምፅ አልነበረም። ለዚች ልጅ የሚሆን መልስ በሕይወት እያለ አልተናገረም፤ አሁን ደግሞ አይናገርም።

እዚያው ቆማ ለሀቢሶ ደወለች። አጎቷ አነሳውና ዝም አለ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ አስካለች።"

"በዚህ ስልክ አትደውይብኝ አላልኩሽም! ስሙን ሳየው ልቤ ቀጥ ነው ያለው! ምን ሆነሻል?"

"የራሴ ስልክ አጠገቤ ስለሌለ ነው፣ ይቅርታ። ጋሼ፣ ልጅቱ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነው። ነገ ሽማግሌ እንዳይሄድ ያድርጉ።"

"ምን ብዬ?"

"እውነቱን ብለው።"

"አስካለች፣ ስሚኝ። ነገ ይለፍ። ሽማግሌው ይሂድ፣ እናትሽም ደስ ይበላት። ወር ሁለት ወር ቆይተን ሐሳቡን ቀየረ እንላለን።"

"ሞቶም ሐሳብ ይቀይራል?"

"አፍሽን ያዢ! እናትሽ ሰምታ ብትሞት ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ የወንድሜን ልጅ በእጄ ቀብሬያለሁ። የወንድሜን ሚስት ደግሞ በስልክ አልገድልም። ዝም በይ። ይሄ ነው የምልሽ፣ ዝም በይ።"

ዘጋው። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም። የማናሴን መቃብር አፈር መጀመሪያ የበተነው እሱ ነው፤ ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ድምፃቸውን ሲያሰሙ "ቀስ በሉ፣ አንዱ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ይለቀዋል" እያለ የለመነውም እሱ ነው። እሷም ያን ቀን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ዋለች። ወንድሟን እስከ ዛሬ አላለቀሰችለትም።

ምሳውን በዝምታ በሉ። ከሰዓት ወደ ትራሷ ስትመለስ ካልሲው እንዳለ ነበር። ሮዝመሪ በሩ ሲንቋቋ ቀና ትላለች። ንፋስ ነው። መኪና በውጭ መንገድ ሲያልፍ ቀና ትላለች። አስካለች ይህን ከጎን እያየች መቀመጥ አልቻለችም። ማዶ ሆሳዕናም እናቷ እንደዚህ እንደምትጠብቅ አየች፤ የምትጠብቀው በየድምፁ ነው፣ በየእሁዱ፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ ከነምራቷ። ሞቱን የሚያውቁት ዝም ስላሉ ማናሴ አላረፈም። ሱቅ ውስጥ ዝርዝር የሚጠይቃት፣ እዚህ አጠገቧ የሚተነፍሰው፣ ማንም ሞቷል ስላላለው ነው። እንዲህ ብላ አሰበችና አመነችው።

የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ሰው መንጠራራትና ማውራት ጀመረ። ሮዝመሪ ጉልበቷን እያሸች መጣች።

"እንግዲህ አልሆነለትም" አለች። "በሚቀጥለው ወር ቦታውን እይዝለታለሁ፣ ንገሪው።"

"እስቲ ይቀመጡ" አለች አስካለች።

"ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የዋልኩት፣ ልጄ!"

"ይቀመጡ። ሻይዎን ጠጥተዋል?"

"ጠጥቻለሁ" አለች ሮዝመሪ ግራ እየገባት፤ ግን ተቀመጠች። አስካለች ረጅሙን ሰውዬ በእጇ ጠራችው። "እባክህ በዚህኛው ጎናቸው ተቀመጥልኝ" አለችው። ራሷ በሌላኛው ጎን ተቀመጠች። እነሱ አገር መርዶ ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ለተራበ ሰውም፣ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። አስካለች መርዶ ነግራ አታውቅም። እናቷ ለጎረቤት ስትነግር ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች።

"ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ" አለች፣ የሮዝመሪን እጅ ይዛ። "ማናሴ አይመጣም። ሞቷል። ከፋሲካ በኋላ ሱቁ ውስጥ ሰው ተኩሶ ገደለው።"

ሮዝመሪ አስካለችን አላየቻትም። ያየችው ትራሱን ነው።

"ካልሲውን አጥቤለት ነበር" አለች። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደና እንባዋ ወረደ።

አስካለች ይህን ስታይ አራት ወር አፏ ውስጥ የነበረው ነጠላ የተነቀለ ያህል ጮኸች። ወንድሟን በስሙ ጠራችው። "ማናሴ! የእናቴ ልጅ! ማናሴ!" ደረቷን መታች። ወደ በሩ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ቆሙ። ያን ሁሉ ሰዓት ሹክሹክታ እንኳ የማይፈቀድበት አዳራሽ ውስጥ ማንም ዝም በይ አላላትም። ረጅሙ ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ግራጫውን ብርድ ልብስ አንስቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

ሲወጣላት ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ ተነሳች። ከቅርጫቱ የራሷን ስልክ አወጣችና ከፈተችው። አጵሎስ ወዲያው አነሳ። የእናቷ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ጨዋታ ወዳድ።

"አስካለች! ለነገው ሱፌን አስተኩሼ ነው የምጠብቀው! ወንድምሽን አኮራዋለሁ በይው!"

"ጋሽ አጵሎስ፣ ነገ አትቅሩ። መሄዱን ሂዱ። ግን ወደ ፅናት ቤት አይደለም። ወደ እማ ቤት ሂዱ።"

"ኤርጎጌ ጋ? እሷማ ከእኛው ጋር ናት፣ ምን—"

"በጠዋት። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ሁላችሁም።"

ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በር ላይ ሲቆሙ ለምን እንደመጡ በዚያ አገር የማያውቅ የለም።

"ማናሴ ነው?" አለ አጵሎስ። ጨዋታው ከድምፁ ጠፍቷል።

"አዎ።"

"እግዚአብሔር ሆይ! ያ ድምፅስ? እሺ ያለው?"

"የድሮ ነው። እኔ ነኝ የላክሁት።"

"ሀቢሶ ይህን ያውቃል?"

"ያውቃል። እሱ ግን አልላካችሁም። ማን ላካችሁ ብትል፣ አስካለች ናት በሏት። ጋሽ አጵሎስ፣ ባዶ ሆዷን አትንገሯት። መድኃኒቷን ከዋጠች በኋላ ይሁን። የጤና ጣቢያውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለፅናት ደግሞ ዛሬውኑ ይንገሯት። ትምህርቷን እንዳታቋርጥ።"

"እሺ ልጄ" አለ አጵሎስ። "ጌታ ያጽናሽ። አንቺስ ብቻሽን ነሽ?"

አስካለች ዞራ አየች። ሮዝመሪ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ረጅሙ ሰውዬም እጁን አጣምሮ፣ ሁለቱም ይጠብቋት ነበር።

"አይ፣ ሰው አለ" አለችው።

የማናሴን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። ፅናት መልሱን እየጠበቀች ይሆናል፤ መልሱ በሰው እግር እየሄደላት ነው። ስልኩን አጠፋችው። ሮዝመሪ ጎንበስ ብላ ካልሲውን ሰጠቻትና ሰማያዊውን ትራስ ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አለች አስካለች። በእንባ መሐል አንቱታው ቀርቶባት ነበር። "እስከ ነገ ጠዋት ይቆይ። እናቴ ከሰማች በኋላ ታነሺዋለሽ።"